የፎቶው ሌላኛ ግማሽ

ልብስ ሰፊዋን የስፌት ቤቱ ሰዎች «አራት ነጥብ» ይሏታል። በየምሳ ሰዓቱ ስልኳን አውጥታ፣ ማንም ገብቶ በሚያርመው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ የማታውቃቸውን ሰዎች ጽሑፍ ታቃናለች። የራሷ እያረረባት የሰው የምታማስል ማለት እሷ ናት።

አንድ ቀን ግን ስለ ሟች አባቷ፣ በእግር የሚረገጥ የውሃ መሳቢያ ስለ ሠራው ሰው ጻፈች። ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶውን በስልኳ አነሳችና «የራሴ ሥራ» በሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ለጠፈችው። በሦስተኛው ቀን ከአንድ አራሚ መልእክት መጣ።

«የባለ ታሪኩ ዘመድ ከሆኑ ይግለጹ፤ ገጹንም በራስዎ እጅ አይንኩ። የፎቶው መብት የአንሺው እንጂ የባለቤቱ አይደለም። የአንሺው ፈቃድ ካልመጣ ፎቶው በሳምንት ውስጥ ከገጹ ይወጣል።»

ደሟ ፈላ። ሌላ ፎቶ የለውም፤ አባቷ ሁለተኛ የሚሞት መሰላት። ሲበርድላት ግን ገረማት፦ ማንም ሳይከፍለው የማያውቀውን ፎቶ አንሺ መብት የሚጠብቅ ሰው አለ! የባለ ታሪኩ ልጅ መሆኗን ጽፋ፣ ከፎቶው ጀርባ ያለውን ማኅተም ይዛ ፎቶ ቤቱን ፍለጋ ወጣች።

ፎቶ ቤቱ ስልክ መጠገኛ ሆኗል። ሽማግሌው ፎቶ አንሺ ከጓሮ ክፍል ተገኙ።

«አባባ፣ ለዚህ ፎቶ ፈቃድዎን ፈልጌ ነው» አለች ፎቶውን እያሳየቻቸው።

«ይኼማ ግማሹ ነው፣ ልጄ! ያኔ ያነሳሁለት ጋዜጣ አንድ ሰው ይበቃናል ስላለኝ አጠገቡ የነበረችውን ሴት ቆረጥኳት። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል» አሉና ከቆርቆሮ ሣጥን ሙሉውን አወጡ።

አባቷ ንድፍ ይዞ ቆሟል። ከጎኑ የብየዳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት መሳቢያውን ደግፋለች። እናቷ ናት! ዕድሜዋን ሙሉ ከጓዳ ስትወጣ ስትገባ ያየቻት፣ አንድ ቀን እንኳ «እኔ» ሳትል ያረፈች እናቷ። ልብስ ሰፊዋ እጇን በአፏ ጫነች።

«እሱ ይስላል፣ እሷ ትበይዳለች። እንዲያ ነበር የሚሠሩት» አሉ ሽማግሌው። ማንም እንዲጠቀምበት ፈቅደው ፈረሙላት።

ሙሉውን ፎቶ ከፈቃዱ ጋር ላከች። እናቷን ገጹ ላይ ለማስገባት ጣቷ ቢቸኩልም ራሷን ያዘች፤ አራሚዎቹ በሚወያዩበት ገጽ ላይ ብቻ ጻፈች፦ «ልጃቸው ነኝና ጽሑፉን እኔ አልነካም። በያጇ እናቴ ናት። እባካችሁ እናንተ እዩት።»

ያ አራሚ ወዲያው መለሰላት፦ «ስማቸው ማን ይባላል?»

እንባዋን ጠርጋ፣ የእናቷን ሙሉ ስም እስከ አያት ድረስ ጻፈችለት።