ወንድሜን የሰወረው ምትሃተኛ

ያኔ ቆቦ ላይ ወጣት ወንድ በቀን መታየት ትቶ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና እየታፈሰ ይሄዳል፤ ከሄደው የተመለሰ ደግሞ አላየንም። እናቴ ወንድሜን ማሽላችን ውስጥ ደብቃው፣ እኔ ምሳውን በሣር ሸክም ሸሽጌ አደርስለት ነበር። እሱ ግን አርፎ የሚቀመጥ ልጅ ነው እንዴ? ምትሃተኛው መጣ ሲባል ሰማና «ይኼንንማ ሳላይ አልቀርም» አለ። ብንለምነው ብንለምነው አሻፈረኝ አለ። ግትርነቱ በእናቴ የወጣ ነው።

ምትሃተኛው በእርግጥ ስመ ጥር ሰው ነበር። በወጣትነቱ አስመራ ቲያትር ቤት ጀምሮ፣ አዲስ አበባ ትልልቅ ሰዎች ፊት ሰውን ከሣጥን ውስጥ እያጠፋ የመለሰ፣ ሬዲዮ ያወራለት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን አርጅቷል። ከኪነት ቡድን ጋር በጭነት መኪና እየዞረ በቅስቀሳው መሐል ትርኢቱን ያሳያል። እርግቦቹ አልቀውበት በዶሮ ይሠራ ነበር፤ ጥቁር ኮቱም ክርኑ ላይ ተበልቷል።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ጢም አለ። ከሮቢትም ከጎብዬም ሰው መጥቷል። ስንቱ ልጅ ከተደበቀበት ወጥቶ እዚያ ተቀምጧል። የቀበሌው ሊቀመንበር ፊት ወንበር ላይ ተሰይሞ ከሰው ሁሉ አብልጦ ያጨበጭባል፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ምትሃተኛው «አንተ ና» ብሎ ወንድሜን ጠራው። ጎንበስ ብሎ ሣጥኑ ውስጥ አስገባው፣ ዘጋው፣ በዱላው መታ መታ አደረገና ከፈተው። ባዶ ነው። ጭብጨባው ቀለጠ። እንደገና ዘግቶ ከፈተ፤ አሁንም ባዶ። «ዛሬስ እንቢ አለኝ» አለና ዶሮዎቹን አመጣ። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

እናቴ አልሳቀችም። እንዲህ ያለ ነገር በጂን እንጂ በሰው እጅ ይሠራል ብላ አታምንም። ዘላ መድረክ ላይ ወጣችና ኮቱን ጨምድዳ «ልጄን መልስ» አለችው። እሱ ዶሮዎቹን መሰብሰብ ያዘ። ደጋግማ ጠየቀችው። በመጨረሻ መቀነቷን ፈትታ «አንተንም መሬት ትሰውርህ፤ የት ገባ የሚልህ ዘመድ አይኑርህ» ብላ ረገመችው።

ልጁ የእውነት መጥፋቱን ሊቀመንበሩ የነቃው ያኔ ነው። ከወንበሩ ብድግ ሲል አብዮት ጠባቂዎች በሩን ዘግተው ገቡ። ለካ ትርኢቱ ወጥመድ ኖሯል። ወንዶቹን እየጎተቱ ውጭ የቆመው መኪና ላይ ጫኗቸው። ምትሃተኛውን «የጠፋውን አምጣ» አሉት። «የት እንደሄደ አላውቅም» አላቸው። በሰደፍ አፉን አሉት፤ ከዚያ እሱንም ከነኮቱ ጫኑት። እናቴ ይህን እያየች «እሰይ!» አለች። አጠገቧ ነበርኩ፣ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።

ቆይቶ ቆይቶ ግመል ነጂዎች ከአፋር በኩል መልእክት አመጡልን፤ ወንድሜ እነሱ ዘንድ በሕይወት አለ። ከእናቴ ጋር ሄደን አገኘነው። ሣጥኑ ጀርባው ይከፈታል አለን። ምትሃተኛው ሲያስገባው በጆሮው «መኪናው እስኪመጣ ሕዝቡን አቆይልን ብለውኛል። አንድ ሰው እንኳ ላትርፍ። በጓሮ በር ውጣና ወደ ማሽላው ሩጥ» ብሎታል። እናቴ ይህን ስትሰማ እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። ልጇን ሳትስመው ብዙ ቆየች።

ምትሃተኛው የት እንደደረሰ የሚነግረን አላገኘንም። እናቴም ሽማግሌዎቹን፣ ቄሱንም ሼኩንም ቤታችን ጠራች። እሷ እርግማኗን ልታነሳለት፣ እነሱ ሊመርቁት ነው። እኛ አገር እርግማን እንዲሁ አይተውም፤ የተረገመው በስሙ ተጠርቶ ነው የሚነሳለት። ሁሉም እጃቸውን ዘረጉ፤ ትልቁ ሽማግሌ «ማን ብለን እንመርቀው እህቴ?» አሏት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ሬዲዮው የሚጠራው በመድረክ ማዕረጉ ብቻ ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም እንኳ፣ ከመሐላችን የሚያውቅ አልነበረም። እጆቹ እንደተዘረጉ ጠበቋት።

«በቃ፣ እርግማኔ ደርሶበታል» አለች።