ሁሉአገርሽ የምትተኛበት ሲንክ

«ሲንክ ሊገዛ ድስት ተሸክሞ የሚሄድ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ ገብረአምላክ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«እንኳን ኖረው አዩ» አሉ እትዬ ለተኪዳን።

የድስቷን አንድ ጆሮ እሳቸው ይዘዋል። ሌላውን የያዘችው ጎረቤታቸው ሁዳ ናት፤ ሳቋን እየታገለች፣ ሻሿን በትከሻዋ እያስተካከለች። ሦስቱ አንድ ላይ በበሩ ስለማያልፉ፣ ሁለቱ ሴቶች በጎን ዞረው፣ ድስቷን እንደ ሙሽራ መሀል አድርገው ወጡ።

ይህች ድስት ስም አላት። ገና ተገዝታ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የገባች ዕለት አንድ የሰፈር ቀልደኛ ዙሪያዋን ዞሮ አያትና «ይቺስ ሁሉአገርሽ ናት፤ የማትይዘው ሰው የለም» አለ። ስሟ በዚያው ጸደቀ። ሁሉአገርሽ ሥጋ ገብቶባት አያውቅም። ማንም ያልጻፈው የዕድሩ ሕግ ነው፤ ምስርና ሽሮ ብቻ። ስለዚህ የዕድርተኛዋ የወይዘሮ ተናኘወርቅ ባል ሲሞቱ የሁዳ አባት አብዱልሃሚድ ከእሷ በልተዋል። አብዱልሃሚድ ሲሞቱ ደግሞ የተናኘወርቅ ልጆች ከእሷ በልተዋል። በማን እጅ ታረደ፣ ጾም ነው ፍስክ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ኀዘን በአንድ ጭልፋ ይጨለፋል። እትዬ ለተኪዳን ይህን ባሰቡ ቁጥር፣ ስንት ጊዜ ያዩት ነገር ሆኖ ሳለ፣ እንደ አዲስ ይደንቃቸዋል።

አሁን ግን ሰፈሩ ተነሥቷል። መንገዱ ሲሰፋ ከአባላቱ የሚበዙት ከተማው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ሄዱ። ዕድሩም አሮጌውን ግቢ ለቅቆ አንዲት አዲስ ክፍል ደረሰችው። ክፍሏ ታበራለች፤ ወለሏ ሴራሚክ፣ ግድግዳዋ ነጭ። ግቢ ግን የላትም። ድሮ ሁሉአገርሽ የምትታጠበው ግቢው ውስጥ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነበር። አረፋው በቦዩ ሲወርድ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ተከትሎት ይሄድ ነበር። ዛሬ ደጁ የእግረኛ መንገድ ነው፤ ውኃ አይደፋበትም። ድስት ከታጠበ የሚታጠበው ቤት ውስጥ፣ በሲንክ ነው።

አቶ ገብረአምላክ ለዚህ መላ አበጅተው ነበር። ስልካቸው ላይ የአንድ ሲንክ ፎቶ አሳዩ፤ ሁለት ጎድጓዳ ያለው፣ ትንሽ፣ የሚያብረቀርቅ። «ለሻይ ብርጭቆ ይበቃናል። ለቅሶ ሲኖር ኬተሪንግ እናዛለን፣ ወይም ውኃና ብስኩት እናቀርባለን። ድስቷ ትሸጥ። ሰው በሌለበት ምን ታደርግልናለች?» አሉ። ተሰብሳቢው እርስ በርሱ ተያየ። መተያየቱ ወደ እሺታ ሊዞር ሲል እትዬ ለተኪዳን ተነሡ።

«ሁሉአገርሽን የሚችል ሲንክ ካመጣሁስ?»

«ይህቺ ክፍል ውስጥ ከገባ፣ ድስቷም እሱ ውስጥ ከገባች፣ ትቅር» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ካልሆነ የፊታችን እሑድ ትሸጣለች።»

ድስቷን ያነሡት ያኔውኑ ነው።

እትዬ ለተኪዳን «አይሆንም» ማለትን የተማሩት በመስኮት ነው። የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ ፒያሳ ከነበሩት ሲኒማ ቤቶች በአንዱ ትኬት ሸጠዋል። መስኮቷ ሁለት መዳፍ ብታክል ነው። አዳራሹ ከሞላ በኋላ በዚያች መስኮት ለባለሥልጣን ሾፌርም፣ ለሊስትሮም፣ ፍቅረኛውን አስከትሎ ለሚለማመጥ ተማሪም የሚሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ «ሞልቷል!» ማንም አስቀይሯቸው አያውቅም። የድሮ ደንበኞች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኟቸው «እትዬ፣ እንደ ሞላ ነው?» ይሏቸዋል።

ጡረታ ሲወጡ ዕድሩ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጣቸው። ባላቸው የሞቱ ጊዜ ሁሉአገርሽ ከእሳት ሳትወርድ ሰነበተች። ለቀስተኛው የተበተነ ዕለት እትዬ ለተኪዳን ከፍራሽ ተነሥተው፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ወደ ድንጋዩ ሄዱ። «ኧረ ተቀመጪ፣ ኀዘንተኛ ድስት አያጥብም!» ቢሏቸው፣ «እሷ ለእኔ ስትቆም ከርማ የለም እንዴ?» ብለው ጥላሸቷን ፈተጉ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው አላጠባትም።

ወደ ፒያሳ ሽቅቡን ሲወጡ አዲሱ መንገድ ሰፍቶ፣ ሰማዩም አብሮት የሰፋ መሰላቸው። ጣራ ለጣራ ተደጋግፈው የነበሩት ቤቶች ሸፍነውት የኖረ ሰማይ ነው። ቆንጆ ነው፤ አይካድም። ግን እንዲህ ያለ ሰፊ ቦታ አይተው «የሚሞላው ሰውስ?» ሳይሉ ማለፍ አይችሉም፤ የሙያ ነገር ነው።

መብራት ምሰሶ ተደግፈው ከቆሙ ጎረምሶች አንዱ ስልኩን ደገነባቸው። «እማማ! ድግሱ የት ነው?»

«እማማ አለኝ! ገና ነኝ!» አሉ ሳይቆሙ። «የዕድር ድስት ናት። ከቸኮልክ በለቅሶህ አንተው ትከፍትልናለህ!»

«ተበላህ!» ብለው ጓደኞቹ ፈነዱ። ሁዳ በሳቅ የያዘችውን ጆሮ ልትለቀው ነበር።

ሱቁ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። ሲንኮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እትዬ ለተኪዳን ሲገቡ በእያንዳንዱ የሚያብረቀርቅ ሲንክ ውስጥ አንዲት ለተኪዳን አብራ ገባች፤ አንዷ ቀጭን፣ አንዷ ድብልብል፣ አንዷ አንገት የሌላት። ቆም ብለው አዩዋቸው። «ይሄን ያህል ሆነን ሳለ ነው ሰው የለም የሚሉን?» አሉ ለሁዳ።

ባለሱቁ ፋሩቅ ድስቷን ሲያይ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣ። «እናቴ፣ እኛ ድስት አንገዛም።»

«እኛም አንሸጥም። የምትገባበት አምጣ።»

ፋሩቅ የነጋዴ ትዕግሥት ነበረው። መጀመሪያ ነጩን ሴራሚክ አሳያቸው። እትዬ ለተኪዳን ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱት፤ የሕፃን ጉንጭ መሰላቸው። «ሁሉአገርሽ አንዴ ብትወድቅበት ሁለት ሆኖ ይቀራል» ብለው አለፉት። ቀጥሎ ጥቁሩ ግራናይት መጣ። ይህኛው ልባቸውን ወሰደው፤ ውስጡ ጥቃቅን ነጠብጣብ ያበራል፣ የገና ሌሊት ሰማይ ይመስላል። ድስቷን ቢያስቀምጡበት ግን ከላይ እንደ ባርኔጣ ተደፋች። ግራናይቱ በቅርጽ ተጋግሮ የሚመጣ ነው፤ «ትንሽ አስፋልኝ» አይባልም።

«እትዬ፣ በሲሚንቶ አስገንብተን ሴራሚክ ብናለብሰውስ?» አለች ሁዳ።

«በመጋጠሚያው የምስር ዘይት ይገባል። ይሸታል። ሊቀ መንበሩ ሽታውን ምክንያት አድርገው ያስወጡናል።»

የቀረው ስቴንለስ ነበር። ፋሩቅ አንዱን አወረደ። እትዬ ለተኪዳን በጣታቸው አጥንት ሲያንኳኩት እንደ ክረምት ጣራ ጮኸ። «ይሄ ቆርቆሮ ነው» አሉ። ሌላውን አንኳኩ፤ ድምፁን ዋጥ አደረገው። ፋሩቅ ማግኔት አምጥቶ አስጠጋለት፤ አልያዘውም። «ማግኔት አጥብቆ የሚይዘው ቶሎ ይዝጋል» አላቸው። «ይሄ ወፍራሙ ነው። ጨውም ሎሚም አይበላውም። ርዝመቱ ደግሞ መቶ ሃያ ሳንቲ ሜትር ነው!»

ሁዳ ከቦርሳዋ ሲባጎ አወጣች። ከዕድሩ ክፍል ሲወጡ የድስቷን አፍ ስፋት ለክተውበት ነበር። የሲንኩ ጎድጓዳ ላይ ስትዘረጋው ሲባጎው ተርፎ ወጣ።

«መቶ ሃያው የት ሄደ?» አሉ እትዬ ለተኪዳን።

«ግማሹ እኮ ዕቃ ማንጠፍጠፊያው ነው፣ እናቴ። ሲለካ አብሮ ነው የሚለካው።»

«ፎቅና በረንዳውን ደባልቀህ ነው እንዴ የምትሸጥልኝ?»

ፋሩቅ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ደከመ። ባንኮኒውን ተደገፈ። «እውነቱን ልንገርዎት። ሲንክ የሚመረጠው በሰው ብዛት ነው። ለስንት ሰው ነው የምታበስሉት?»

እትዬ ለተኪዳን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ስንት ሰው? ቤቶቹን በሐሳባቸው አንድ በአንድ አንኳኩ። ያኛው የለም። ያቺም የለችም። የዚያኛው በር ራሱ የለም። ሁዳ ፊታቸውን አይታ አቀረቀረች። የሱቁ ለተኪዳኖች ሁሉ አብረው የሚቆጥሩ መሰለ።

ከዚያ አንገታቸው ቀና አለ። «አየህ ልጄ፣ እኔ ሲኒማ ቤት ነው የሠራሁት። ባዶ ወንበር ፊት ፊልም ሲታይ አይቻለሁ። አንድ ሰው ብቻ ገብቶ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ግን ትኬት አልተሸጠም ተብሎ ወንበር ሲነቀል አላየሁም። አዳራሽ የሚሠራው ሊመጣ ለሚችለው ሰው ነው። ሲንኩንም ለሄዱት ጭምር ስፋልኝ።»

ፋሩቅ ለአፍታ አያቸውና ወደ ጓሮ ተጣራ። «ሙዓዝ! እስቲ ና፤ ጨርቅ ሳይሆን ብረት የሚያሰፋ ሰው መጥቷል።»

ሙዓዝ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ጓሮ ውስጥ ብረት ይበይዳል። የዓይን መከላከያውን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ መጥቶ ድስቷን ተመለከተ፣ ሲባጎውን ተመለከተ፣ ራሱን አከከ። «በዚህ ልክ ጥልቅ አድርጌ ብሠራላችሁ እጅዎ ታች አይደርስም። እስቲ እንዴት እንደሚያጥቧት ያሳዩኝ።»

«ድስት እንዴት ይታጠባል? እንደ ድስት ነዋ!»

ቢሆንም ነጠላቸውን አጣፍተው ወለሉ ላይ ቁጢጥ አሉ። ሁሉአገርሽን ሳብ አደረጓት፣ በጎኗ አስተኟት፣ በግራ ክንዳቸው አቀፏት፣ ቀኝ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ድረስ አስገብተው መፈተግ ጀመሩ። ውኃ የለም፣ አረፋ የለም፤ ትከሻቸው ግን እየዞረ ነው። ድንገት አቆሙ።

«ውይ!» አለች ሁዳ። «ተኝታ ነው ለካ የምትታጠበው!»

እትዬ ለተኪዳን እጃቸው ድስቷ ውስጥ እንዳለ ቀሩ። ከዕድሩ ክፍል እስከዚህ ድረስ አፋቸው «የአፏ ስፋት፣ የአፏ ስፋት» እያለ መጥቷል። እጃቸው ሌላ ነገር ሲያውቅ ኖሯል። «እኔን ብሎ ለኪ!» ብለው በራሳቸው ሳቁ። «ቆማ እንድትታጠብ ሲንክ ስፈልግላት።»

«እናንተ የምትፈልጉት ሲንክ አይደለም፤ አልጋ ነው» አለ ፋሩቅ።

«አልጋ ነው! ጎሽ! አልጋ ሥራላት።»

ሙዓዝ በጠመኔ ወለሉ ላይ ዙሪያዋን ከጆሮዋ ጋር አሰመረ፤ በአንድ በኩል ለክንድ የሚሆን ቦታ ጨመረ።

«የሞተ ሰው አስመሰልካት እኮ!» አለች ሁዳ።

«ገና ናት!» አሉ እትዬ ለተኪዳን።

በዚያው ተስማሙ። ከወፍራሙ ስቴንለስ፤ ረጅምና ሰፊ፣ ግን ጥልቀቱ መለስተኛ። ጥጎቹ ምስር እንዳይዙ ክብ የሆኑ። መፍሰሻው ድስቷ ተኝታ እንዳትደፍነው መሀል ሳይሆን ጥግ ላይ። ቁመቱ እስከ እትዬ ለተኪዳን ዳሌ። ማንጠፍጠፊያ የለውም። «ውኃዋ እኔ ላይ ይንጠፍጠፍ» አሉ።

እሑድ ሲንኩ በጭነት መኪና መጣና በር ላይ ቆመ። ቢያቆሙትም ቢያጋድሙትም በበሩ አላልፍ አለ።

አቶ ገብረአምላክ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሁለት ጊዜ ዞሩት። ፊታቸው ላይ ደስታ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ዕረፍት ነበር እንጂ። «እንግዲህ ለፍተዋል። ግን ካልገባ ምን ይደረጋል፣ እግዚአብሔርም አልፈቀደ።»

«እግዚአብሔርን ይተዉት። መፍቻ ያምጡልኝ።»

«የምን መፍቻ?»

«ሲንኩ ልኩ ነው። የጠበበው በሩ ነው።»

ከሲንኩ ጋር የመጣው ሙዓዝ መጀመሪያ መዝጊያውን፣ ከዚያ የብረት ፍሬሙን ፈታ። ግድግዳው አቧራውን አራገፈ። ክፍሏ በር አልባ ሆና ስትከፈት መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ወደ ውስጥ ማየት ጀመረ፤ አንድ አዛውንት «እትዬ፣ ሞልቷል?» ብለው ቀለዱ። ሲንኩ ገባ። ከግድግዳ ግድግዳ ያዘ። እትዬ ለተኪዳንና ሁዳ ሁሉአገርሽን አንሥተው አስተኟት። ተኛች። ለክንድም ተረፈ።

ሰዉ አጨበጨበ። አቶ ገብረአምላክ አላጨበጨቡም። ጠጋ ብለው፣ ሌላው እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ፤ «ቃሌ ቃል ነው፤ አትሸጥም። ግን ልጠይቅዎት። ወንድሜም ከተነሡት ጋር ሄዷል፤ ከሄደ አላየሁትም። ሦስት ታክሲ ቀይሮ ለአንድ ጭልፋ ምስር የሚመጣ ይመስልዎታል?»

እትዬ ለተኪዳን እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ሰውየው ድስቷን ማየት የጠሉት ለምን እንደ ነበር አሁን ገባቸው። ከሲንኩ በላይ ግድግዳው ላይ ያለውን ቧንቧ ከፈቱ። የፒያሳ ውኃ እንደ ልማዱ ቀጥና መጣች፤ ወፍራሙ ብረት ላይ ስትወርድ ግን አልጮኸችም፤ በለሆሳስ ታንጎራጉር ነበር። በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ የስኒ አተላ የምታክል ኩሬ ሠራች።

አቶ ገብረአምላክ ኩሬዋን አዩ። «ይሄ ደግሞ መቼ ሊሞላ ነው?»

«ይሞላል!» አሉ እትዬ ለተኪዳን፣ በትኬት መስኮቷ ድምፅ። ከደጅ ያሉት ሁሉ ዞር አሉ። «ይሞላል። እርስዎም ቆመው ከሚያዩ በዚያ በኩል ጆሮዋን ይያዙልኝ።»

አቶ ገብረአምላክ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ።