በሴፋስ ትከሻ የተሸፈነው አገር

ሴፋስ አምዋዪ ቴሌቪዥን ላይ የአየር ጠባይ መናገር ሲጀምር መንደራችን በሁለት ነገር ተቀየመው። አንዱ ክራቫቱ ነው። ሁለተኛው የሚቆምበት ቦታ። ካርታው ላይ እኛ በግራ በኩል፣ ሐይቁ አጠገብ ነን። እሱ ደግሞ ወደ ናይሮቢና ወደ ሞምባሳ እጁን እንደልቡ ሊያወናጭፍ በግራ ይቆማል። ስለዚህ ከዜና በኋላ እዚሁ መንደራችን ሉዋንዳ ገበያ ያለው ፀጉር ቤት ውስጥ ተሰብስበን የራሳችንን አገር በሴፋስ ትከሻ ተሸፍኖ እናያለን። በረዶ ሙዛችንን የቆራረጠ ሳምንት፣ ክርኑ ነው ያመጣብን ያለ ሰውም ነበር። እናቱ ደውላ፣ አንተ ልጅ ትንሽ ፈቀቅ በል፣ በጎረቤት ፊት አሳፈርከኝ አለችው። ፈቀቅ አለ። አሁን የሸፈነው ሞምባሳን ነው። የሞምባሳ ሰው ምን እንዳለ አልጠየቅንም።

እኔና እሱ እስከ ሰባተኛ ክፍል አብረን ተምረናል። እሱ ቀጠለ፣ እኔ ብስክሌት ጥገና ያዝኩ። ግን ዝናብን መጀመሪያ ያስተማረው ትምህርት ቤት አይደለም፤ ኦንጋቺ ነው፣ የአባቱ ታናሽ ወንድም። ኦንጋቺ የመንደራችን ዝናብ አዋቂ ነበር፣ ሙያውን ከአያቶቹ የወረሰ። ሰርግ ያለው ሰው ዶሮ ይዞ ይሄድና ዝናቡን ያዝልኝ ይለዋል። ኦንጋቺ ዶሮውን ይቀበልና የሰማዩን ጥግ አይቶ፣ ሐሙስ አድርገው ይላል። ሥራው ባብዛኛው ይኸው ነበር፣ ቀን መምረጥ።

ሴፋስ ቴሌቪዥን ከገባ ጀምሮ በየዓመቱ የካቲት ላይ ለኦንጋቺ ይደውላል። ሽማግሌው ንፋሱ ከሐይቁ መቼ እንደዞረ፣ ጉንዳኑ እንቁላሉን ተሸክሞ ወደ ላይ መውጣት አለመውጣቱን፣ ሾላው ቅጠሉን ማራገፍ አለማራገፉን ይነግረዋል። ሴፋስ ያንን ከኮምፒውተሩ ጋር ያስተያይና ይናገራል። የኛን አገር ዝናብ እንደሱ የሚያውቅ የለም ተባለ። ሽልማትም ሰጡት፣ የብርጭቆ ነገር።

ሽማግሌው የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሴፋስ፣ አንድ ቀን እዚያ ሆነህ ስሜን ጥራው። ከሞትኩ በኋላ ቴሌቪዥን አላይም።»

«በሚቀጥለው ዝናብ፣ ትንሹ አባቴ» ይለዋል። የሚቀጥለው ዝናብ ስምንት ጊዜ መጣ።

በዘጠነኛው ዓመት ኮምፒውተሩ ዝናቡ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ይገባል አለ። ኦንጋቺ ደግሞ ገና ነው፣ ጉንዳኑ አልወጣም አለ። ሴፋስ ኮምፒውተሩ እንዲህ ይላል ቢለው፣ «ኮምፒውተሩ እንደ ጉንዳኑ እዚህ ጉድጓድ አለው?» ብሎ ጠየቀው። ሴፋስ ስቆ ስልኩን ዘጋ። ማታ ክራቫቱን አስተካክሎ፣ ገበሬዎች ዝሩ አለ። ኦንጋቺ በየደጁ እየዞረ አትዝሩ አለ።

ዘራን። ከዚያ አንድ ወር ሙሉ ፀሐይ ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ተጠበሰ፣ የተረፈውን ዶሮ ጫረው።

ቁጭ ብለን አሰብን። ቴሌቪዥን አይሳሳትም፣ የሚሠራው በመብራት ነው። ስለዚህ ዝናቡን ያሰረ ሰው አለ። አትዝሩ ያለንስ ማን ነው? አስቀድሞ ካላሰረው በምን አወቀ? ከኛ መሀል እስከ ሰባተኛ ክፍል የተማርነው በተለይ ይሄ ቶሎ ገባን። አሥራ አራት ሆነን ደጁ ሄድን። ልቀቅልን አልነው። ቢኖረኝ እለቅላችሁ ነበር አለ። እኔም፣ ስንት ዶሮ ነው የምትፈልገው ብዬ ጠየቅኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። «አንተ፣ ጎማ ስትነፋ ነፋሱ ያንተ ነው?» አለኝ።

ተመልሰን ሄድን።

እኛ ጋ ሰው ሲጠላ አይሰደብም። የማሽላ ጠላው እንስራ መሀላችን ይቀመጥና ዙሪያውን ሆነን በረጃጅም መቃ እንስባለን፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መቃ አለው። የኦንጋቺን መቃ ከእንስራው አወጡና ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ሲመጣ አየው። ቆሞ ትንሽ ስለ ላሙ አወራና ተመልሶ ሄደ።

የሴፋስ እናት ደወለችለት። አንድ ቃል በል፣ እሱ ነግሮኝ ነበር በልና ሰውየውን አድነው አለችው። እሺ አለ። ያን ማታ ፀጉር ቤቱ ውስጥ አፉን እያየን ጠበቅን። «ዝናቡ ዘግይቷል» አለ፣ አውቶቡስ ይመስል። በኋላ እንደነገረኝ፣ ያን ወር ውሉ ሊታደስ ነበር፤ ጉንዳን ነገረኝ ብሎ የሚያወራን ሰው ማን ይቀጥራል? በሚቀጥለው ሳምንት እላለሁ እያለ ሳምንቱ አለቀበት። ዝናቡ በሚያዝያ መጨረሻ መጣ። መቃው ግን ከግድግዳው አልተነሳም። ኦንጋቺ ሁለት ዓመት ቤቱ ብቻውን ጠጥቶ ሞተ።

ለቀብሩ ሴፋስ በመሥሪያ ቤቱ መኪና መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ተናጋሪዎችን የሚያስተናግደው የመንደሩ ሽማግሌ ኤሊያኪም ነበር፣ ያኔ ከአሥራ አራታችን ፊት ፊት የሄደው። ተራው ሲደርስ ሴፋስ ተነሳ።

«በየዓመቱ የነገርኳችሁን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው» አለ። «ያን ዓመትም አትዝሩ በላቸው ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁትም። ደጁ ስትሄዱ ሰምቼ ዝም አልኩ። እሱ ምንም አላሰረም።»

ኤሊያኪም ቀስ ብሎ ተነሳ።

«አያችሁ?» አለ። «የተማረ ሰው እንዲህ ነው። ለሟች ብሎ ራሱን ዝቅ ያደርጋል።»

ድንኳኑ አጨበጨበ።

«ትሕትና አይደለም፣ አባባ።»

«እሱም ትሕትና ነው፣ ልጄ። በል አሁን፣ ምግቡ ገና አልወጣም፣ በሐይቁ በኩል ደግሞ ጠቁሯል። ዝናቡን ለአንድ ሰዓት ያዝልን።»

ሴፋስ ወደ ሐይቁ ዞሮ አየ። አንገቱን ልክ እንደ ኦንጋቺ ነው ያዘመመው።

«ሳህኑን አሁኑኑ አውጡ» አለ። «ሃያ ደቂቃ አላችሁ።»

የዘነበው በሃያ አምስተኛው ደቂቃ ነው። ትርፏን አምስት ደቂቃ ሰዉ፣ ያዘልን ብሎ ለእሱ ቆጠረለት፤ እስከ ዛሬም ይወራል። እሱ ድንኳኑ ውስጥ አልገባም። መቃብሩ አጠገብ ቆመ፣ የክራቫቱ ቀለም ሸሚዙ ላይ እየወረደ። ጃንጥላ ይዤለት ሄድኩ።

«ሰኞ ማታ ስሙን ብጠራው» አለኝ፣ «ይጠቅማል?»

«እሱ አሁን ቴሌቪዥን አያይም» አልኩት።

ማለት አልነበረብኝም፤ እኔም እኮ ከአሥራ አራቱ አንዱ ነኝ። ጃንጥላውንም አልተቀበለኝም።