ሁለቱ በርሜሎችና አማቱ

የእህቴ ባል ሆስፒታል ውስጥ ኦክስጅን የሚያመርተውን ማሽን ይቆጣጠራል። ስራህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው ሰው ወዮለት! እኔ በሰርጋቸው ቀን ብጠይቀው ሙሽራዋ ኬኩን ብቻዋን ቆረሰችው።

«ሁለት በርሜሎች አሉኝ» ይላል፣ ልጆቹን የሚያስተዋውቅ ይመስል። «ሆዳቸው ዚዮላይት በሚባል ጠጠር የተሞላ ነው። መጭመቂያው አየሩን ወደ አንደኛው ሲገፋው ጠጠሩ ናይትሮጅኑን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ ኦክስጅኑ ያልፋል። ጠጠሩ ሲጠግብ ግፊቱን እንለቅለታለን፣ የያዘውን ፍሽሽ አድርጎ ይተፋዋል። እስከዚያ ሌላኛው ይሰራል። ልክ እንደ ባልና ሚስት፤ አንዱ ሲጨነቅ ሌላው ይተነፍሳል።»

እህቴ ግን የእነሱ ቤት በርሜሎች እኩል ነው የሚጮሁት ትላለች።

ማሽን ያልፈራ ይህ ሰው እናቴን ይፈራል። እናቴ የዚያው ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ኃላፊ ናት፤ የማትከፍተው በር የለም። እሱ ካገባ ጀምሮ ፊቷ ቆሞ ከ«እሺ እማማ» ሌላ ቃል አልወጣውም።

በዝናቡ ወራት የኦክስጅኑ ጥራት ከዘጠና ሦስት በመቶ ወደ ሰማንያዎቹ ወረደ። ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ለሕሙማኑ ተጠባባቂ ሲሊንደሮች ተከፈቱላቸው፤ የሚያዘልቁት ግን እስከ ማግስቱ ማታ ብቻ ነበር።

«ይሄ አርጅቷል፤ በቫኪዩም የሚሰራውን እንግዛ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ያኛው አየሩን በማራገቢያ ቀስ አድርጎ ያስገባና ናይትሮጅኑን በፓምፕ ይመጠዋል» አለ የእህቴ ባል። « ብዙ ለሚያመርት ሰው መብራት ይቆጥባል። ግን ኦክስጅኑ ግፊቱ ደክሞ ስለሚወጣ ሲሊንደር ለመሙላት ሌላ ገፊ ይፈልጋል። ጠጠሩ ደግሞ ያው ነው፤ ውሃ ካገኘ ናይትሮጅንን ዞር ብሎ አያይም።»

ውሃ ሲል ዐይኑ አየሩ በርሜሎቹ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እርጥበቱን የሚያስቀርለት ማድረቂያ ላይ አረፈ። ከሥሩ ውሃ ይንዠቀዠቃል። ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? ሮጦ ወደ መጭመቂያው ክፍል ገባ።

መጭመቂያው አየር የሚስብበት ይህ ክፍል ሙቅ ነው፣ ነፋስም አለው። እሱ የሚጎበኘው ጠዋት ጠዋት ነበር። አሁን ከሰዓት በኋላ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ተወጥሮ የሆስፒታሉ አንሶላ በሙሉ ተሰጥቶበታል። ከመሃል እናቴ፣ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ።

«ዝናቡ አላደርቅ ቢለኝ ነው፤ እዚህ ወዲያው ድርቅ ይልልኛል» አለች።

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እማማ… አንሶላው ይውጣ።»

«ምን አልክ?»

«ይውጣ አልኩ! ማሽኑ የአንሶላዎን ውሃ እየጠጣ ነው! ሰው ትንፋሽ ሊያጣ ነው እኮ!»

እኔ እንዲያ ብላት ኖሮ እስከ ዛሬ ደጇን አልረግጥም። እሷ ግን መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች፣ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፣ ከዚያ አንሶላዎቹን አንድ በአንድ ታወርድ ጀመር።

በርሜሎቹ ደረቅ አየር ሲነፍስባቸው አደረ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ቁጥሩ ዘጠናን አለፈ፤ የእህቴ ባልም ተመስገን ብሎ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለ።

ሥራ አስኪያጁ ሊያመሰግነው ከዝናቡ ሮጦ መጣ። እናቴ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች።

«ካፖርትህን አውልቅ።»

«እትዬ፣ ለአንድ አፍታ ነው።»

«እርጥብ ነገር አይገባም። ልጄ ከልክሏል።»

የእህቴ ባል ውስጥ ሆኖ ሰማት። ካገባ ወዲህ «ልጄ» ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ በደስታ ወጥቶ ሰውየውን መቀበሉን እንኳ ረሳው።