ቀኙ ሲቀል

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር በርጩማ ላይ መቀመጥ ነበር። ባለቤቴ ግቢያችን ውስጥ፣ ከማሽላው ጎተራ አጠገብ፣ ሁለት በርጩማ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ግራው የተማሪ ነው፤ ራሱ ተቀመጠበት። ቀኙ የአስተማሪ ነው፤ እኔን አስቀመጠኝ። ዱላውን እንደ አውሮፕላን መሪ በጉልበቶቹ መካከል ይዞ፣

«አለቃ፣ ዝግጁ ነኝ» አለኝ።

«ነዳጅ?» አልኩት፣ እንዳስጠናኝ።

«ሙሉ።»

«ቀበቶ?»

«ታስሯል። ያንቺስ፣ አለቃ?»

«የኔ መቀነት ነው፤ አይፈታም።»

ያኔ የአውሮፕላን አብራሪነት ተማሪ ነበር። ለዒድ መጥቶ በማግስቱ ሊመለስ ነው። ከአስተማሪው ጋር ሆኖ መነሣትም ማረፍም ለምዷል። የቀረው ብቻውን መብረር ነበር። ያን ካላለፈ ይሰናበታል። ከእሱ ጋር ገብተው የተሰናበቱ ስለነበሩ እንቅልፍ አጥቶ ነበር የከረመው።

እናቱ ከደጃፍ ሆነው ይሰሙናል። «ኮጳ ኬ? ብቻህን?» አሉት። «ሰው ለባቲ ገበያ እንኳ ጓደኛ ይፈልጋል፤ አንተ ለሰማይ ብቻህን!»

«እማ፣ ሰማይ ላይ ሽፍታ የለም።»

«ያ ረቢ፣ ብቻውን አታድርገው» አሉና እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ።

ከዚያ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ «አሁን ውረጂ» አለኝ። «አስተማሪውም እንዲህ ነው የሚያደርገው። አንድ ቀን ሳይነግረኝ ይወርዳል።»

ተነሣሁ። ባዶውን በርጩማ ሲያይ ቆየ። ቀኙ ሲቀል፣ አለኝ፣ አውሮፕላኑ ካሰቡት ቀድሞ ይነሣል። ሲመለስም መሬቱ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ቶሎ አይቀመጥም። «መውረድ ያስጠላዋል» አለ። ሁለታችንም ሳቅን።

በማግስቱ አውቶቡስ አሳፈርኩት።

መርዶው በስልክ ነው የመጣው። ሽማግሌዎች ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰምተው መጡ፤ አውሮፕላኑ ወድቋል፣ ብቻውን ነበር፣ እዚያው ቀብረውታል። ከዚህ ሌላ የሚያውቁት አልነበረም።

«ብቻውን ነበር» የምትለው ቃል የለቅሶው ዳስ ውስጥ ትዞር ጀመር። ከጀርባዬ አንዲት ሴት፣ «ሳይፈቀድለት ነድቶ ነው መቼም፤ ቸኩሎ» አለች። ሌላዋ «ዝም በይ፣ ትሰማሻለች» አለቻት። ሰምቻለሁ። ሞቱን አላህ አመጣው፤ ያልተሰጠውን የወሰደ ሰው ተብሎ መቀበሩን ግን ልቤ እምቢ አለ። ተፈቅዶለት ነበር ወይስ አልነበረም? ማንን ልጠይቅ?

ለቅሶው ሳይበተን አንድ የጭነት መኪና መንገዱ ዳር ቆመ። ሹፌሩ የባለቤቴ አብሮ አደግ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣው አደጋው ሳይደርስ ነበር፤ መኪናው ጣርማ በር ላይ ተሰብሮበት ቀናት ቆይቷል። ዳሱን ሲያይ እኛ ደስታውን ቀድመን ሰምተን የደገስን መሰለው። በመስኮት ብቅ ብሎ ጮኸ፦

«የምሥራች! ብቻውን በረረ! ብቻውን አስነሥቶ ብቻውን አሳረፈ! ፈርመውለታል! ለአለቃዬ ንገርልኝ ብሎኛል!»

ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሹፌሩ የሴቶቹን ፊት አየና ሞተሩን አጠፋ። «አለቃዬ» ማን እንደሆነች ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የምሥራች መልስ አለው። የነገረን ሰው እንዲሁ አይሰናበትም። ተነሣሁና «ምሥር ብላ፣ ወንድሜ» አልኩት። ያኔ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ከጀርባዬ «ቸኩሎ» ያለችው ሴትም ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች።

ሹፌሩ ከተነሣበት ቀን ስቆጥር፣ የወደቀው በሌላ ቀን፣ እንደገና ብቻውን ወጥቶ ነው። ተፈቅዶለት ነው የወጣው።

ሲወርድ አላየሁትም፤ ሲቀበርም አላየሁም። ስለዚህ ለእኔ ገና አላረፈም። ከጨፋ ሜዳ በኩል ንፋስ ሲነሣና የማሽላው አገዳ እርስ በርሱ ሲማታ፣ «አሁን ውረጂ» ሲል በግራ ጆሮዬ እሰማዋለሁ። ዞሬ አላይም። ከዞርኩ በርጩማው ባዶ ይሆናል።

አሁን ከሰዓት በኋላ ሁለቱን በርጩማ ግቢ አወጣለሁ። ቀኙ ላይ እቀመጣለሁ። ነዳጅ እላለሁ፣ ቀበቶ እላለሁ። ሲመሽ ሁለቱንም አስገባለሁ።