ከግድግዳው ወዲያ

ቅዱሳን፣ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ መዝሙር ሲጀመር የምታለቅሰዋን ሴትዮ ታውቋታላችሁ። እኔ ነኝ። ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብወርድ ድንጋዮቹ ይቀድሙኛልና ትንሽ ታገሱኝ።

ባለቤቴን ቀብሬ ነው የመጣሁት። ልጄ ምሕረት "እማዬ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ፣ ነይ" ብላ አመጣችኝ። አሜሪካ፣ ክላርክስተን የሚባል ከተማ ገባን። እሷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ደብል ሺፍት፣ ሁለት ፈረቃ አከታትላ ትሠራለች። ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ደክሟት ትገባለች። ምን ታድርግ፣ አልፈርድባትም። እኔ ግን ከሰው ሳልነጋገር እየዋልኩ የገዛ ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ። አውቶቡስ እንዳልሳፈር ጽሑፉን አላነብ። እሁድ እዚህ ስመጣም፣ ተቆጡኝ እንጂ እናገራለሁ፣ "ጌታ ይባርክዎት እማማ" ትሉኝና ወደ መኪናችሁ ትሮጣላችሁ።

የቀረኝ ጸሎት ነበር። ልጄ ስትወጣ ተንበርክኬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጸልያለሁ። ጸሎት ልበለው እንጂ ልቅሶ ነው። "ጌታ ሆይ፣ ሰው የለኝም፣ በቃኝ፣ ውሰደኝ" ነው የምለው። ታዲያ አንድ ቀን ከጎረቤት በኩል ግድግዳው ተንኳኳ። ዝም አልኩ። በማግስቱም ተንኳኳ። ለምሕረት ብነግራት ደነገጠች። "እማዬ፣ ለአከራዩ ኮምፕሌይን ያደርጉና ከቤት ያስወጡናል። በልብሽ ጸልዪ" አለችኝ።

በልቤ መጸለይ አላውቅበትም። አፌን ብዘጋ ልቤም አብሮ ተዘጋ። እህል አልወርድ አለኝ፣ ደረቴን ይጫነኝ ጀመር። ሐኪሙ መርምሮ መርምሮ ለልጄ "በሽታ አላገኘሁባቸውም። ከሰው ጋር ይነጋገሩ" አላት። ከማን ጋር?

በዚያ ሰሞን ነው መጋቢያችን ማስታወቂያውን የተናገሩት። እኛ ከዚህ አዳራሽ ሥር ያለውን ቤዝመንታችንን፣ የከተማው ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍቱን፣ ቡፎርድ ሃይዌይ መንገድ ላይ ቤተ ክርስቲያን ያላቸው ኮሪያውያን ወገኖች የሰው ማመላለሻ ቫናቸውን ሰጥተው፣ ለስደተኛ ትልልቅ ሰዎች እንግሊዝኛ ሊሰጥ ነው። "በዚህ ዕድሜዬ ኤቢሲዲ" ብዬ ሳቅሁ። ምሕረት ሳትጠይቀኝ አስመዘገበችኝ። ጌታ ይክበር፣ አንዳንዴ በልጅ እጅ ይጎትታል።

መምህሯ ፀጉሯ የሸበተ አሜሪካዊት ናት፣ በነፃ ነው የምታስተምረን። ስም መጻፍ፣ ሰላም ማለት፣ ይቅርታ መጠየቅ አስተማረችን። አንድ ቀን "የቤት ሥራችሁ የጎረቤታችሁን ስም ጠይቃችሁ መምጣት ነው" አለች። ክው አልኩ። የእኔ ጎረቤት ግድግዳውን የሚደበድበው ሰው ነዋ።

ጸልዬ ሄድኩ። የከፈተችልኝ እንደኔው ያረጀች፣ ከቡታን በስደት የመጣች ሴት ናት። "አይ አም ሶሪ። አይ ፕሬይ" አልኳት፤ ይቅርታ፣ ስጸልይ ነው ማለቴ ነው። እጄን ያዘችኝ። ለካ የእሷም እንግሊዝኛ ከእኔ አይበልጥም። "ዩ ክራይ። አይ ኖክ። አይ ሂር" አለችኝ። ስታለቅሺ ሰማሁ፣ እዚህ አለሁልሽ ልልሽ ነው ያንኳኳሁት ማለቷ ነው።

ወገኖቼ፣ "ሰው የለኝም" እያልኩ ሳለቅስ መልሱ ግድግዳውን ያንኳኳ ነበር። እኔ ዝም በይ የተባልኩ መስሎኝ አፌን ዘጋሁ። ደጃፏ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች። ስሟ ማያ ነው።

ስሙ ይባረክ፣ ዛሬ ደረቴ አይጫነኝም። ብቸኝነቱ ሙልጭ ብሎ ሄደ አልላችሁም፤ ከሰዓት በኋላው አሁንም ረጅም ነው። ግን ጮክ ብዬ እጸልያለሁ። ስጨርስ አንኳኳለሁ፣ ማያ ትመልስልኛለች። ወደ ትምህርቱም በቫኑ አብረን ነው የምንሄደው።

ጸሎታችሁ ያልተሰማ የመሰላችሁ ካላችሁ ጌታን እመኑት። መልሱ ከግድግዳው ወዲያ ይሆናል፣ ሂዱና በሩን አንኳኩ። ማያ ዛሬ አብራኝ መጥታ ያቻትና ከኋላ ወንበር። ካልኩት ሁሉ አንድ ቃል አልገባትም። "ጌታን ተቀብላለች ወይ" እንዳትሉኝ፣ እሱን ለባለቤቱ ተዉለት። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ወደ መኪናችሁ ሳትሮጡ ስሟን ጠይቋት። በእንግሊዝኛ መመለስ ታውቅበታለች።