የበላሁት ድንች

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ እንግሊዝ አገር የእስያ ሃይማኖቶችንና የሰው መብትን የማስተምር ፕሮፌሰር ነበርኩ። ስለ ቡድሃ ሳወራ ፈረንጆቹ ተማሪዎቼ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኛል። ጣጣው የመጣው ለክረምት ዕረፍት ጎጃም ገብቼ ሚስት ላግባ ያልኩ ጊዜ ነው።

የወደድኳት ሴት ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነበረች። እሷም አልጠላችኝም። ፈቃዳቸው የቀረው ቁይ የሚኖሩት አባቷ ብቻ ስለነበሩ አጎቴን ለሽምግልና ላክኋቸው። አጎቴ ሹክ ሲሉ እንኳ ጮቄ ተራራ ያሉ በጎች ይደነብራሉ። የአባትየው ጆሮ ግን ገና ሳይወለዱ የከበደ ይመስለኛል።

"ምን ያስተምራል?"

"የቡድሃን ሃይማኖት! የሰው መብትም!"

"ቡዳ? ሰው መብላት?"

አጎቴ ሦስቴ ደገሙላቸው። በሦስተኛው ቁይ በሙሉ ሰማ። "ራሱ ይምጣና ይንገረኝ" ተባለ።

በማግስቱ በቅሎ አስጭኜ ከአጎቴ ቀድሜ ወጣሁ። መንገድ ላይ የልጓሙ ብረት ተሰበረ፤ ዝናቡም ሰማይ የተቀደደ ይመስል ወረደ። አገሩ ሁሉ ቡዳ ነው እያለ የሚሸሸው ቀጥቃጭ ቤቱ አስገባኝና ብረቱን ጠገነልኝ። ሚስቱ ቅቅል ድንች አቀረበች። ለምን እንደተጠራሁ ስነግረው መዶሻውን አስቀመጠ።

"ጌታዬ፣ እኔን በነጻ ነው ቡዳ የሚሉኝ። ለእርስዎ ደሞዝ ይከፍላሉ?"

ቁይ ስደርስ አባትየው ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። አጎቴም ደርሰው አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ ቡድሃ ረዥም ማብራሪያ ሰጠሁ፤ ሁለት ሽማግሌዎች አንቀላፉ። በመጨረሻ አባትየው መውጫ ቀዳዳ ሰጡኝ።

"ይሁን፣ ቡዳ አይደለህም እንበል። በቅሎህ ግን ቀጥቃጩ ደጅ ታስራ ታይታለች። እዚያ ቤት እህል እንዳልቀመስህ ማልና ልጄን ውሰድ።"

"አልቀመስኩም" ማለት አንድ ትንፋሽ ነው። አጎቴ በክርናቸው ሲጎሽሙኝ ሦስት የጎድን አጥንቴ የረገፈ መሰለኝ። ክፍል ውስጥ ስለ ሰው መብት ስናገር ሰሌዳና ጠመኔ ያግዙኛል። እዚህ ያለኝ ገና ከጉሮሮዬ ያልወረደ ድንች ብቻ ነበር።

"በልቻለሁ" አልኩ።

አባትየው በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል ሳይደገምላቸው ሰሙ።

"በላሁ አለ! በገዛ አፉ!"

ጋብቻው በዚያው ቀረ። ልጅቷ "ድንቹ ምን ቢጥም ነው?" ብላ ላከችብኝ፤ በዓመቱ የመድኃኒት ቤት ባለቤት አገባች።

በዚያው ክረምት ወደ እንግሊዝ የመመለሻዬ ቀን ሲደርስ ቀጥቃጩን ልሰናበት ሄድኩ። ደጁ ማረሻና ማጭድ በያዘ ሰው ተሞልቷል። ቀጥቃጩ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ! አገሩ እርስዎን ሲያማ እኔን ረሳኝ። ልጆቼ እንኳ ከሰፈር ልጆች ጋር መጫወት ጀመሩ።"

"ደስ ይላል። እኔማ ነገ ልሄድ ነው።"

ፊቱ ጠቆረ።

"አይሂዱብን። እርስዎ ከሄዱ ተረኛው እንደገና እኔ ነኝ።"

ዕረፍቴን አንድ ሳምንት አራዘምኩ።